ማድ ቤቴን ነጭ ያስቀባሁ ጊዜ

ማድ ቤቱን ለማሳደስ ያሰበ ሰው ካለ ይህን እስኪጨርስ ድረስ ብሩሹን ያስቀምጥ። እኔ መካሪ አላጣሁም፤ ያጣሁት "ተዪው" የሚለኝ ሰው ነው። "ተዪው" ይለኝ የነበረው ባለቤቴ ካረፈ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል፤ እሱ ከሄደ ወዲህ የጀመርኩትን ሞኝነት ሁሉ እስከ ዳር አደርሰዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ትልቁ ልጄ ታምራት የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ ይደውልልኛል፤ ጤንነቴን ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ ከዚያ ማድ ቤቱ መፍረስ አለበት ይላል። አንድ እሑድ ፎቶ ላከልኝ። ፎቶው ላይ ያለው ቤት ከግድግዳው እስከ ወለሉ ያንጸባርቃል፤ ድንች እንኳ ተልጦበት የሚያውቅ አይመስልም። "ኪችን ማለት እንዲህ ነው" አለኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ኪችንና ማድ ቤት አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። ለካስ ማድ ቤት ምግብ የሚበስልበት ነው፤ ኪችን ደግሞ ፎቶ የሚነሣ።

የእኔዋ ከዋናው ቤት ኋላ፣ ከእንሰቱ ፊት ለፊት ያለች፣ ግድግዳዋ ጭቃ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት ክፍል ናት። የሠራት ባለቤቴ ነው፣ በገዛ እጁ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። ስለ ቀጥተኛ ማዕዘን ሆሳዕና ውስጥ የእሱን ያህል የደከመ መምህር ያለ አይመስለኝም፤ ማድ ቤታችን ግን አንድም ቀጥተኛ ማዕዘን የላትም። ሲሠራት ሜትር አልያዘም። በሩን በራሱ ቁመት ለካ፣ መስኮቱን በትከሻው ለካ፣ መደርደሪያውን ደግሞ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ "እዚህ ጋ" ብሎ ቸነከረው። እሱ ረጅም ሰው ነበር። እኔ የዚያን መደርደሪያ ሆዱን እንጂ ጀርባውን አይቼ አላውቅም። በትዳር ዘመኔ ሁሉ ጨው በፈለግሁ ቁጥር ሰው መጥራት ነበረብኝ።

ይሁን እንጂ መደርደሪያው በሰፈሩ ስም ያለው መደርደሪያ ነው። እኛ የሰፈሩ ሴቶች ዊጆ አለን። ዊጆ ሴቶች በየሳምንቱ ቅቤ እያዋጡ የሚያጠራቅሙበት፣ የተጠራቀመውን ለመስቀል፣ በእኛ አገር ያሆዴ ለሚባለው በዓል፣ የሚካፈሉበት ማኅበር ነው። አሥራ አንድ ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ስኒ ቅቤ ይዘን እንገናኛለን። ላም ያላት ከመካከላችን አንድም የለችም፤ ቅቤውን የምንገዛው ከገበያ ነው። "የእኔ የዶዮገና ነው" የምትል አለች፣ "የእኔ ከጃጁራ የመጣ ነው" የምትል አለች። ሁላችንም ከአንዲት ሴት እንደምንገዛ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ማኅበር የሚጸናው እንዲህ ያለውን ነገር ባለመናገር ነው።

የተጠራቀመው ቅቤ የት ይቀመጥ ሲባል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መልሱ የእኔ መደርደሪያ ነበር። ድመት አይደርስበትም፣ አይጥ አይደርስበትም፣ እኔም አልደርስበትም። የመጨረሻው በተለይ ለአባላቱ ትልቅ ዋስትና ነበር። ቅዳሜ ሲሆን ባለቤቴ ማሰሮውን ያወርድልናል፤ ያዋጣነውን ጨምረን ስንሰጠው ግራ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ በቀኙ ማሰሮውን ወደ ቦታው ይገፋል። ሲመለስ ግንባሩን ከወራጁ ጋር ሳያጋጭ ቀርቶ አያውቅም፤ ራሱ የሰቀለው ወራጅ ነው። የዊጆው ብቸኛ ወንድ አባል እሱ ነበር። ቅቤ አያዋጣም፤ የሚያዋጣው ቁመቱን ነው።

እሱ ካረፈ በኋላ በበርጩማ ላይ እየወጣን፣ አንዷ ስትወጣ ሁለቱ እግሯን እየያዙ፣ ቀጠልን። ሴቶቹ አንድም ቅዳሜ አልቀሩም። እውነቱን ልናገርና፣ በሳምንት ውስጥ ግቢዬ የሰው ድምፅ የሚሞላበት ቀን እሱ ብቻ ነው። ማድ ቤቱ ከፈረሰ ቅቤው ወደ አስናቀች ቤት ይዛወራል። አስናቀች ከማኅበርተኞቻችን አንዷ ናት፤ ሴራሚክ የለበሰ ኪችንና ትልቅ ፍሪጅ አላት፤ ቅቤው እሷ ዘንድ ይሁን ብላም ሁለት ጊዜ ሐሳብ አቅርባለች። ቅቤው ከሄደ ቅዳሜም ይሄዳል። ስለዚህ ታምራት በስልክ ስለ ጭቃና ስለ ሴራሚክ ሲያወራኝ እኔ የማስበው ስለ ቅዳሜ ነበር።

ያስታረቀችን ምሕረት ናት። ምሕረት ታናሿ ልጄ ናት፤ ከእኔ ጋር ትኖራለች፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ናት። ማድ ቤቱን ሳያፈርሱ በትንሽ ወጪ ማዘመን ይቻላል ብላ ወንድሟን ተከራከረችልኝ። ታምራት ጥቂት አሰበና ውሳኔውን አሳወቀን። ለመስቀል ሲመጣ ባለሙያ ይዞ ይመጣል፤ ባለሙያው አይቶ ሰው የሚገባበት ነው ካለ ማድ ቤቱ ይቆማል፤ አይደለም ካለ በጥቅምት ይፈርሳል። ለወንጀለኛ እንኳ ይግባኝ አለ፤ ለማድ ቤቴ ግን አልተፈቀደላትም።

ምሕረት በማግሥቱ ዕቅድ ጽፋ መጣች። ዓላማ አለው፣ ግብ አለው፣ የሚጠበቅ ውጤት አለው። "ሊያጋጥሙ የሚችሉ ስጋቶች" በሚለው ሥር "የሉም" ተብሎ ተጽፏል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ በሕይወቴ ስንት ዕቅድ እንደ ተየብኩ አምላክ ያውቃል፤ አንዱም ሲፈጸም ስላላየሁ በጣም ጓጓሁ። በዕቅዱ መጨረሻ ላይ "መደርደሪያውን ዝቅ ማድረግ" የሚል አለ። ከሁሉም ተግባር ርካሹ እሱ ነው፤ አራት ሚስማር ነቅሎ አራት ሚስማር መምታት ብቻ ነው። ሰረዝኩት። ምሕረት መልሳ ጻፈችው። መልሼ ሰረዝኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስትጽፈው ምክንያት በሚለው ዓምድ ላይ "የሚስማር እጥረት" ብዬ ሞላሁ። ሚስማር ሰፈራችን በኪሎ ነው የሚሸጠው። ምሕረት አየችኝና ወረቀቱን አጠፈች።

ወደ ሥራ ከመግባታችን በፊት ቪዲዮ አሳየችኝ። አንዲት ነጭ ልብስ የለበሰች ሴት አሮጌ ኪችኗን ስታጥብ፣ ስቲከር ስትለጥፍ፣ ስትቀባ፣ በአንድ ደቂቃ ጨርሳ ሻይ ስትጠጣ ያሳያል። ልብሷ ላይ ጠብታ የለም። እኔ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በርጩማ ላይ ወጥቼ እንኳ አልጨርስም።

መጀመሪያ ጥላሸቱን ማጠብ ነበረብን። የእኔ ጥላሸት እንደ ቪዲዮው አቧራ አይደለም፤ ስንት ዓመት ሙሉ ከቅቤ እንፋሎት ጋር እየተለወሰ የተለጠፈ ነው፤ ከግድግዳው ጋር የእኔንና የባለቤቴን ያህል ኖሯል። ሙቅ ውኃ በዱቄት ሳሙና በጥብጠን እናትና ልጅ ፈተግን። ጥላሸቱ መልቀቅ እምቢ አለ። በመጨረሻ ሲለቅ ደግሞ ብቻውን አልለቀቀም፤ ጭቃውን ይዞ ወረደ። ከበሩ አጠገብ ሰፌድ የሚያህል ግድግዳ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አገኘነው፤ በቀዳዳው በኩል የጎረቤት ዶሮ አየችን። ምሕረት ይህን በሪፖርቷ ላይ "ከዕቅድ በላይ የተከናወነ" ብላ መዘገበችው።

ቀዳዳውን ምን እንሸፍነው ስንል ስቲከሩ ትዝ አለን። ከድር ሱቅ ሄድኩ። ከድር አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን ሱቅ የወረሰ፣ የሚሸጠውን ነገር ሁሉ ራሱ ቤት እንዳለው የሚምል ነጋዴ ነው። እብነ በረድ የሚመስል ጥቅል ስቲከር ዘረጋልኝ።

"ግድግዳ ላይ ይይዛል?" አልኩት።

"እትዬ፣ ግድግዳ ከሆነ ይይዛል።"

"የእኔ ጭቃ ነው።"

"ጭቃም ግድግዳ ነው" አለኝ። በዚህ ክርክር ተረትቼ ሦስት ጥቅል ገዛሁ።

ዓርብ ለጠፍን። ከሩቅ ሲታይ ባንክ ቤት መሰለ። ቅዳሜው ደግሞ የዊጆው መዝጊያ ቀን ነበር። በመዝጊያው ቀን የመጨረሻው ቅቤ ይጨመራል፣ የማሰሮው አፍ በእንሰት ቅጠል ይታሠራል፣ ከዚያ በኋላ የማኅበሩ ዳኛ ሳይኖሩ ማንም አይነካውም፤ እስከ ማካፈያው ቀን ድረስ። ዳኛችን እትዬ ዘነበች ናቸው። ማሰሮው ታሥሮ ወደ መደርደሪያው ከወጣ በኋላ ለመዝጊያ ጸሎት ተነሣን። እትዬ ዘነበች ሲጸልዩ አይቸኩሉም። ምድጃው ላይ ጎመን ጥጄ ነበር፣ እሳቱ ግድግዳውን አሞቀው። ስለ አገር ሰላም ጸልየው ስለ ዝናቡ ሲጀምሩ ከኋላቸው ሹ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነናል። እብነ በረዱ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ተላጠ፤ ጥላሸቱን እንደ ያዘ ወርዶ እትዬ ዘነበችን ከኋላ አቀፋቸው። ጸሎቱ በዚያው ቅጽበት ከዝናብ ወደ ርኩስ መንፈስ ተዛወረ። በስሙ ውጣ ሲሉት እኛም ዓይናችንን ሳንገልጥ አሜን እያልን አጋዝናቸው። ዓይናችንን ስንገልጥ መንፈሱ ነጠላቸው ላይ ተጣብቋል። የለቀቀውም በነጭ ጋዝ ነው።

አስናቀች ነጠላውን እያጠበች፣ ለማንም ሳይሆን ለውኃው፣ የእሷ ሴራሚክ ከተለጠፈ ጀምሮ አንድም ቀን ወርዶ እንደማያውቅ ነገረችው።

እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ የተረፈኝ ቀዳዳና አሳፋሪ ወሬ ብቻ ነበር። ግን "ተዪው" የሚለኝ እንደሌለ ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። ከድር ስቲከሩን አልመልስም አለ፤ ለስቲከሩ መድኃኒት ግን አለኝ አለ። ነጭ ዘይት ቀለም። ይታጠባል፣ በጨርቅ ይታበሳል፣ የልጅ ልጅ ያያል። የቀለሙ ቆርቆሮ ስለ ተጨፈለቀ ቅናሽ አደረገልኝ። ቀቢም እሱ ነው የጠቆመኝ፤ ላምቤቦ የሚባል፣ በመዘምራን ውስጥ ዋናው ድምፅ የሆነ ሰው። ላምቤቦ መጀመሪያ ቀዳዳውን በጭቃ መረገልን፤ ይህን በእውነት አሳምሮ ሠርቷል። ከዚያ መቀባት ጀመረ። ሲቀባ ይዘምራል፣ ብሩሹም የሚሄደው በመዝሙሩ ፍጥነት ነው። ቀስ ያለ መዝሙር ሲሆን ግድግዳው ይቀባል፤ ፈጣን መዝሙር ሲሆን እኛም እንቀባለን።

መደርደሪያው ዘንድ ሲደርስ ዝማሬውን አቆመ።

"እትዬ፣ ይሄ ማሰሮ ይውረድ" አለኝ።

"አይወርድም።"

"ለምን?"

"ዳኛዋ የሉም።"

"እኔ የመጣሁት ልቀባ ነው፤ ፍርድ ቤት አይደለም።"

ዙሪያውን ቀባ አልኩት። ማሰሮው ላይ ፌስታል አልብሶ ዙሪያውን ቀባ።

አሁን የሚያነብ ሰው ሁሉ የሚያየኝ በምን ዓይን እንደሆነ አውቃለሁ። ቅቤ ሽንኩርት አጠገብ ካደረ ሽንኩርት እንደሚሸት ለምሕረት ከልጅነቷ ጀምሮ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ሸክላ እንደሚተነፍስም አውቃለሁ። ግን በዚያን ቀን ያሳሰበኝ የማኅበሩ ደንብ ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ያረጀ ሰው እንዲህ ነው፤ ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን ባልዲ ከማንሣቱ በፊት ፊርማ ይፈልጋል። በዚህ ላይ አዲሱ ቀለም አቧራ እንዳይዘው ብለን በሩንም መስኮቱንም ግጥም አድርገን ዘግተን፣ በረንዳ ላይ በከሰል እያበሰልን አሥር ቀን ቆየን። ቅቤውንና ቀለሙን አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፈን እንዲተዋወቁ ጊዜ ሰጠናቸው ማለት ነው።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ላምቤቦ አንዲት ቦታ ላይ ቀለም አልያዘለትም። ከመደርደሪያው በስተ ግራ፣ ረጅም ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ከፍታ ላይ፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ አለ። ጭቃው ቅቤ ጠጥቶ ጠጥቶ ያበራል። ላምቤቦ ሦስት ጊዜ ደረበበት፣ ሦስቱንም ጊዜ ግድግዳው ቀለሙን ተፋው። ምን ነክቶት ነው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። በአሸዋ ወረቀት ልፈቅፍቀው ሲል አትንካው አልኩት። እሱም የተረፈውን ቀለም በርጩማው ላይ አፍስሶ፣ መዝሙሩን ጨርሶ ሄደ። ምሕረት ሪፖርቱ ላይ "ሥራው ሙሉ በሙሉ ተጠናቋል" ብላ ጻፈች።

የማካፈያው ቀን ደረሰ፤ የመስቀል ዋዜማ። ታምራት በዚያው ቀን ከሰዓት ከባለሙያው ጋር እንደሚገባ ደውሎ ነበር። ሴቶቹ ጠዋት መጡ። በሩን ስከፍትላቸው ለጥቂት ጊዜ ደፍ ላይ ቆሙ። አንዷ ክሊኒክ መሰለ አለች፤ እንደ ምስጋና ቆጠርኩት። አስናቀች ግድግዳውን በጣቷ ነካ አድርጋ ምንም አላለችም፤ ይህን ደግሞ እንደ ድል ቆጠርኩት። ከሰፈሩ ዘበኛ ቤት ባመጣነው መሰላል ማሰሮውን አወረድን። በርጩማው ገና አልደረቀም ነበር፤ ይህን ስጽፍም አልደረቀም።

እትዬ ዘነበች ቅጠሉን ፈቱ። ጎንበስ አሉ። ቀና አሉ። እንደገና ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን ነከር አድርገው ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ ጸሎት የጀመሩ መስሎን አንዳንዶቻችን ነጠላችንን አስተካከልን።

"የታምራት እናት" አሉኝ በመጨረሻ፣ "ይሄ ቅቤ አታካና ላይ ነው የሚደረገው ወይስ በር ላይ?"

ማሰሮው ዙሩን ዞረ። አሥሩም ሴቶች አሸተቱ፣ አሥሩም ቀመሱ፣ አሥሩም እኔን አዩኝ። የሰፈሩ አታካና፣ ሰው ዓመት ሙሉ የሚጠብቀው የቡላና የቅቤ ምግብ፣ በዚህ ዓመት ዘይት ቀለም ዘይት ቀለም ሊል ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን መሬቱንም ሲሚንቶ አስለስኜው ነበር። አስናቀች የጠበቀችው ሰዓት ደረሰ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ በለሰለሰ ድምፅ ነው የተናገረችው። ፍሪጅ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር፣ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ እሷ ዘንድ ቢሆን ለሁሉም ይሻላል አለች። ሁለት ሦስት ራሶች ሲነቀነቁ አየሁ። ቅዳሜ ከግቢዬ በር ሲወጣ የታየኝ ያኔ ነው።

ምሕረት ደግሞ ልትረዳኝ ብላ ነው መሰለኝ፣ ኬሚካል ስለሆነ ሙሉው መጣል አለበት አለች።

እትዬ ዘነበች ዞረው አዩአት። "ልጄ፣ ያንቺ ወረቀት ላይ ይሄ ነገር ተጽፎ ነበር?"

"አልተጻፈም" አለች ምሕረት።

"እንግዲያው ዝም በይ።" ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። "ሽታውን የወሰደው ከዚህ ቤት ነው። እዚሁ ቤት ይመልስ። እንጨት አምጡ።"

ፍርዱ ይኸው ነበር። መጀመሪያ ከላይ ጣት የሚያህለውን ገፍፈው ለበር ማጠፊያ ይሁንሽ ብለው ሰጡኝ፤ የግቢዬ በር ከዚያን ቀን ጀምሮ አይጮህም። የቀረውን ሊያነጥሩት በሦስት ድስት ከፈሉት፣ ሦስት ምድጃ አነደዱ። መስከረም ነውና እንጨቱ ገና እርጥብ ነው። ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አንዷ ከቤቷ ሮጣ ያመጣችው፣ ሌላዋ ከከድር ያስመጣችው፣ ሁሉም ገባበት። ማሰሮውን አጥበው በወይራ አጠኑት። አንዷ ታነጥራለች፣ አንዷ ታጥናለች፣ አንዷ እሳቱን እፍ ትላለች፣ አስናቀችም ከሁሉ የበለጠ እየሳለች ከሁሉ የበለጠ ታማስላለች፤ የእሷ ኪችን ውስጥ ይህን ማድረግ እንደማይቻል ስለገባት ይሁን ወይም በዓል ስለሆነ፣ ስለ ፍሪጁ ዳግመኛ አላነሣችም። ጫጫታው እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። እኔም ሽንኩርት እንድልጥ ታዘዝኩ፤ ጥፋተኛ ስለሆንኩ ትልቁን ክምር ሰጡኝ። ለምን ታለቅሻለሽ የሚለኝ አልነበረም፤ ሽንኩርቱ በቂ ምክንያት ነበር።

ግድግዳዬን ቀና ብዬ ያየሁት ሲረፋፍድ ነው። ወተት የነበረው ወተት በሻይ ሆኗል። ቀትር ላይ ሻይ ብቻ ሆነ። ከቀትር በኋላ ምን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ድሮ የነበረውን ሆነ። ዕቅዱ፣ ስቲከሩ፣ ዘይት ቀለሙ፣ የላምቤቦ መዝሙር ሁሉ በአንድ ቀን ጭስ ወደ መነሻው ተመለሰ። ቅቤው እንደገና ሲቀመስ የቀለሙ ሽታ ጠፍቷል፤ ወይም ደግሞ እኛ ለምደነው ይሆናል። እትዬ ዘነበች ለበዓል ይሆናል ብለው ፈረሙበት፤ በጣታቸው።

ታምራት የገባው በዚህ መካከል ነው። ጭሱን ከመንገድ አይቶ ቤቱ የተቃጠለ መስሎት እየሮጠ ነው የመጣው፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ከኋላው ሜትር ወገቡ ላይ የሰካ አንድ ወጣት ኢንጂነር እየሳለ ተከተለው። ልጄ ደፉ ላይ ቆሞ ግድግዳውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየኝ።

"እማዬ፣ የታደሰው የቱ ነው?" አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው እትዬ ዘነበች ቀደሙኝ። የተነጠረው ቅቤ ወደ ማሰሮው ተገልብጦ፣ አፉ በአዲስ ቅጠል ታሥሮ ነበር። እስኪረጋ አንድ ሌሊት ማደር አለበት፤ በበዓል ዋዜማ ደግሞ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ሥጋ ሸቶት ከቤት ቤት ይዞራል። መሰላሉን ዘበኛው ወስዶታል።

"አንተ የአባትህ ልጅ" አሉት፣ "እዚያ ቆመህ ከምትስል ና ይችን ማሰሮ ስቀልልን።"

"እትዬ ዘነበች፣ በርጩማ የለም እንዴ?"

"አልደረቀም። ደግሞ አባትህ በርጩማ አያውቅም ነበር።"

ታምራት ገባ። እጅጌውን እንኳ አልሰበሰበም። ማሰሮውን ከአስናቀች እጅ ተቀበለ፣ ግራ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ በቀኙ ማሰሮውን ወደ ቦታው ገፋው። ሲመለስ ግንባሩ ከወራጁ ጋር ተጋጨ።

ከጠዋት ጀምሮ ሲንጫጩ የዋሉት ሴቶች ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። አንዷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ጭሱ ነው አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሁኔታው ያልገባው ኢንጂነሩ ብቻ ነው። ሜትሩን መዝዞ፣ ይህ መደርደሪያ ከተለመደው ልክ በጣም ከፍ ያለ መሆኑን፣ በአዲሱ ዲዛይን ግን ዝቅ እንደሚል ያስረዳ ጀመር። ታምራት ግንባሩን እያሻሸ ሰማው።

"ሜትሩን ጠቅልለው" አለው።

"ዛሬ አንለካም?"

"አንለካም።"

እትዬ ዘነበች ወዲያው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ነገ ጠዋት ማሰሮውን የሚያወርደው እሱ መሆኑን፣ ዊጆው በኅዳር እንደገና ሲጀመርም በወር አንድ ቅዳሜ እንደሚጠብቁት ነገሩት። እሱ አዲስ አበባ እንደሚኖር ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸውም መንገዱ አስፋልት መሆኑን አስረዱት። ለሌሎቹ ቅዳሜዎች በርጩማው እስኪደርቅ እንታገሣለን አሉ።

ሴቶቹ ድስታቸውን ይዘው ሲወጡ ታምራት ማድ ቤት ውስጥ ቀረ። መዳፉን ገልብጦ አየው፤ ቅባት ይዟል። ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ። ጥላሸት በለበሰው ቀለም መካከል ያቺ ቦታ ብቻ እንደ ድሮዋ ታበራለች። መዳፉን መልሶ አሳረፈባት። ልኩ ነበረች።

"እማዬ" አለኝ፣ ዞሮ ሳያየኝ፣ "እዚህ ጋ ቀለም አልተቀባም?"

"አልተቀባም" አልኩት። "በጀቱ አልቆ ነው።"